በተውሶ ቢላዋ

ሐሙስ ቀን፣ በሐምሌ ሦስተኛው ሳምንት፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ላይ፣ በከምባታ፣ ከአንጋጫ ከተማ በላይ ባለው የአክስቴ መንደር በረዶ ጣለ። አሥራ ስምንት ደቂቃ ቆየ። ሰው አልሞተም።

በዚያው ዕለት ማስታወሻ ደብተሬ ላይ የጻፍኩት ይህንኑ ነው። ሆሳዕና ተቀምጬ ለብዙ ዓመታት በሬዲዮ ዜና ሥራ ስኖር የጎርፉንም፣ የመሬት መንሸራተቱንም፣ የመኪና አደጋውንም ዘገባ የምጀምረው እንዲህ ነበር፤ መጀመሪያ ሰዓቱ፣ ከዚያ ቦታው፣ ከዚያ የሆነው ነገር። ያን ሳምንት ግን ሥራ ላይ አልነበርኩም። የዓመት ፈቃዴን ወስጄ የእናቴን ታናሽ እህት ልጠይቅ ወጥቼ ነበር። ደብተሩን የያዝኩት ከልማድ ነው።

አክስቴ ባሏ ከሞተ ወዲህ የምትኖረው ለብቻዋ ነው። ቤቷ ተረተሩ ላይ ስለሆነ ሰማዩ ሲጠራ ከደጃፏ የአምባሪቾ ተራራ ከእግሩ እስከ ራሱ ይታያል። ከአጥሩ በር እስከ ቤቱ በር አንዲት ጠባብ መንገድ አለች። ወደ ቤቱ ሲገቡ በስተቀኝ ትልልቆቹ እንሰቶች በአራት ረድፍ፣ በየረድፉ አምስት አምስት ሆነው ቆመዋል። በስተግራ ገና ከጉልበት ያላለፉት ችግኞች ናቸው። የአክስቴ ሀብት ይኸው ነው። አንዲት ላም ብትኖራትም ላሟን የምታበላው የእንሰቱን ቅጠል ነው።

ያን ቀን እስከ እኩለ ቀን ፀሐይ ነበር። እኔ ከአጥሩ ውጭ ያለውን የጎርፍ ቦይ በአካፋ ስጠርግ ዋልኩ። ስምንት ሰዓት ገደማ አምባሪቾ ጠፋ። በክረምት መጥፋቱ አዲስ አይደለም፤ አዲስ የነበረው የደመናው ቀለም ነው። ጥቁር አልነበረም፤ ወደ አረንጓዴ ያደላ ነበር። ነፋሱ ቆመ። ሲንጫጩ የዋሉት ወፎችም ዝም አሉ።

አክስቴ ከበሩ ተጣራች። «ግባ! አካፋውን ጣለው!»

«ይችን ጫፍ ልጨርስና።»

«አንተ ሰው፣ ቦዩ የትም አይሄድም! ግባ ነው የምልህ!»

የመጀመሪያው የበረዶ ፍሬ የአካፋውን ብረት መታው። ሁለተኛው ትከሻዬን መታኝ፤ ድንጋይ የተወረወረብኝ መስሎኝ ዞሬ አየሁ። ከዚያ ሮጥኩ። ቦዩና ቤቱ መካከል ሠላሳ እርምጃ ቢሆን ነው። ደጃፉ ላይ ስደርስ ግንባሬ ደምቶ ነበር።

መጀመሪያ ሽምብራ የሚያክል ወረደ፤ ቀጥሎ የሎሚ ግማሽ የሚያክል። ቆርቆሮው ላይ የሚያሰማውን ድምፅ ከምን ጋር እንደማነጻጽረው አሁንም አላውቅም። አክስቴ አፏን ጆሮዬ ሥር አድርጋ የጮኸችውን አልሰማሁም። ጸሎት መሆኑን ያወቅኩት ዓይኗ የተጨፈነ ስለነበር ነው። እኔ የስልኬን ሰዓት ይዤ ከበሩ ስንጥቅ ወደ ውጭ አየሁ። እንሰቶቹ ሲመቱ አይወድቁም፤ ባሉበት ቆመው ይንቀጠቀጣሉ። ቅጠላቸው መጀመሪያ ተበሳ፣ ከዚያ ተተለተለ፣ ከዚያ እየተቆራረጠ ይወርድ ጀመር። ግንባሬን የያዝኩበትን ጨርቅ ረሳሁት። በሥራዬ ብዙ ጥፋት አይቻለሁ፤ ያየሁት ግን ሁሉም ካለቀ በኋላ ደርሼ ነው። ሲሆን ቆሜ አይቼ አላውቅም ነበር።

ሲያቆም በአንድ ጊዜ አቆመ። ግቢው ነጭ ሆነ። በሩን ስንገፋው በረዶው ይዞት አልከፈት አለ፤ በትከሻዬ ገፍቼ ከፈትኩት። እስከ ቁርጭምጭሚት ይደርሳል። ሽታው የበረዶ አልነበረም፤ መንደሩ በሙሉ የታጨደ ይመስል የጥሬ ቅጠል ሽታ ነበር። አጥሩ ሥር ሁለት ርግቦች ሞተው አገኘሁ። ሦስተኛዋ በሕይወት ነበረች፤ ሳነሳት እጄ ላይ ትንሽ ቆይታ በረረች።

አክስቴ በኮንጎ ጫማዋ በረዶው ላይ ወጥታ በእንሰቶቹ መካከል ሄደች። ከቅጠሉ የቀረው የመሃሉ አጥንት ብቻ ነበር፤ እሱም ጎንና ጎኑ ክር የተንጠለጠለበት። አንዱን በእጇ ይዛ አየችውና ለቀቀችው። ደግማ ሌላውን ያዘች።

ለማያውቅ አንባቢ፣ እንሰት እንደ ገብስ በዓመቱ የሚታጨድ አይደለም። ተተክሎ፣ ተነቅሎ፣ እንደገና ተተክሎ፣ ግንዱ ተፍቆ ቆጮ ለመሆን እስኪደርስ ዓመታት ይፈጃል። ከደረሰ በኋላ ግን ይጠብቃል። አክስቴ በዓመት ሁለትም ሦስትም ትፍቃለች፤ ቆጮውን ጉድጓድ ውስጥ ትቀብራለች፤ ከዚያ እያወጣች ትበላለች። በስተቀኝ የነበሩት ሃያዎቹ በዚያ ዓመት መፋቅ የሚጀመሩት ነበሩ። የሚቀጥሉት ዓመታት ምግቧ እነሱ ነበሩ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የበኩር ልጇ ከሆሳዕና ደወለ። መምህር ነው። ስልኩን ከፍ አድርጋ ስለምትነጋገር እኔም ሰማሁ። የተነጋገሩት በከምባትኛ ነው፤ እዚህ የምጽፈው ትርጉሙን ነው።

«እማ፣ አሁንስ በቃሽ። ትወርጃለሽ።»

«ለምን ብዬ?»

«እንሰቱ አለቀ እየተባለ ነው! ምን ልትበዪ ነው?»

«እንሰት በበረዶ አይሞትም።»

«ቅጠል ሳይኖረው?»

«ያወጣል። አንተም ስትወለድ ጥርስ አልነበረህም።»

ልጁ ሳይወድ ሳቀ። እሷ ግን አልሳቀችም። «ስማኝ» አለችው። «እስከ መስቀል ቅጠል ካወጣ እዚሁ ቤቴ እቀመጣለሁ፤ ሁለተኛ ውረጂ እንዳትለኝ። ካላወጣ ሶፋህ ላይ ተቀምጬ ቲቪ አያለሁ። እነሆ የእህቴ ልጅ ምስክር ነው።» ስልኩን ወደ አፌ አስጠጋችው።

«ሰምቻለሁ» አልኩ።

በማግስቱ ዓርብ ማለዳ መንደሩ በሙሉ ቢላዋ ይዞ ወጣ። በዚያ አካባቢ በረዶ ከጣለ፣ የተተለተለው ቅጠል በስብሶ ልቡን እንዳያበላሽ ይቆረጣል፤ የተቆረጠው ለከብት ይሰጣል። አንድ ሰው ብቻውን አይችለውምና ጎረቤት ተሰባስቦ ከቤት ቤት ይሄዳል። ከእነዚህ ቢላዎች ስለታምና ሰፊ የሆነው ከአክስቴ ቤት በታች የሚኖረው ጎረቤት ቢላዋ ነው። ጎረቤቱ ስድሳን ያለፈ፣ ቀጭን፣ ቀልደኛ ሰው ነው። ጣሪያው በሦስት ቦታ ተበስቶ ነበር። እኔ ማለዳ ወደሱ የወረድኩት ቆርቆሮውን ላግዘው ነው።

«ቆርቆሮው አይሞትም» አለኝ። «መጀመሪያ ቅጠሉን እንቁረጥ፤ ከዚያ ወደ አክስትህ እንወጣለን። ብቻዋን ናት።»

ቢላዋ ስላልነበረኝ የራሱን ሰጠኝ። እሱ ቅጠሉን ለላሞቹ ይሸከም ጀመር። ከጓሮው ጥግ ሁለት እንሰቶች ከሌሎቹ ለየት ብለው አየሁ። በረዶው ቅጠላቸውን ተልትሎታል፤ የቀረው ግን ቢጫ ነበር፤ የመሃሉም ለጋ ቅጠል ታጥፎ ወድቋል።

«ጋሼ፣ እነዚህስ ምን ሆነው ነው?»

«ፍልፈል ነው። ሥራቸውን በልቶት ነው።»

«ልቁረጣቸው?»

«ቁረጥ እንጂ፤ ላሟ ምን ገዷት!»

ቆረጥኳቸው። ሰዓቱን አልጻፍኩትም። ከዚያ ቢላዋውን እንደያዝኩ፣ እሱ ከፊት እኔ ከኋላ፣ ወደ አክስቴ ቤት ወጣን። ከአራት ሰዓት በፊት መድረሳችንን አውቃለሁ፤ ሌሎች ሦስት ሴቶች ቀድመውን ግቢው ውስጥ ነበሩና ከመካከላቸው አንዷ ለአራት ሰዓቱ የቸርች ስብሰባ ልትሄድ ትቸኩል ነበር።

ጎረቤቱ ገና ከበሩ «የሬዲዮ ሰው አመጣሁላችሁ!» አለ። «አያያዙን እዩልኝ፤ ማይክ መስሎታል።»

«ቃለ መጠይቅ ሊያደርግላቸው ነው» አለች የምትቸኩለዋ። «አቶ እንሰት፣ ስለ በረዶው ምን ይላሉ?»

ሴቶቹ ተሳሳቁ። ከትናንት ወዲህ ያን ግቢ ሳቅ ሲገባው የመጀመሪያው ነበር። አክስቴም ፈገግ አለች። እሷ አጭር ናት፤ ትልልቆቹ ላይ እጇ አይደርስም። «እሱ ረጅም ነው፤ የቀኙን ለሱ ተዉለት» አለች። እሷና ሴቶቹ በቤቱ ቢላዋ የግራውን ችግኝ ያዙ። ጎረቤቱ የኔን ቅጠል ይሸከም ነበር። እኔ ከአጥሩ ወገን ጀመርኩ። የመጀመሪያውን እንሰት ስይዝ አክስቴ ከመንገዷ ማዶ ቆማ አንድ አፍታ አየችኝ። ከዚያ ወደ ሥራዋ ዞረች።

ሦስቱን ረድፍ ጨርሼ፣ ከአራተኛው ረድፍ አራቱን ቆርጬ፣ አንድ ሲቀረኝ ዝናብ መጣ። ጎረቤቱ በስልኬ ፎቶ አነሳኝ። ፎቶው አሁንም አለኝ፤ ስድስት ሰዓት ከአምስት ይላል። ቢላዋውን ከፍ አድርጌ ይዣለሁ፤ ከኋላዬ ሃያኛው እንሰት ቅጠሉ እንደተተለተለ ቆሟል። እሱን አክስቴ በማግስቱ በርጩማ ላይ ቆማ በራሷ ቢላዋ ቆረጠችው። እኔ ቅዳሜ ወደ ሆሳዕና ተመለስኩ።

ነሐሴ ሲገባ መምህሩ እናቱን ሊጠይቅ ወጥቶ በስልኬ ፎቶ ላከልኝ። ከእያንዳንዱ ግንድ መሃል ተጠቅልሎ እንደ ጦር የቆመ አዲስ ቅጠል ወጥቷል። ከሥሩ «አሸነፈችኝ» ብሎ ጽፎበታል። ቢሮ ውስጥ ለባልደረቦቼ አሳየኋቸው። በበረዶ የተመታ ሰብል ሁሉ ጠፋ ብዬ የዘገብኩባቸውን ቀናት አስታወስኩ። እንሰቱ አልጠፋም ነበር።

መስቀል ሲቃረብ፣ በዋዜማው ሳምንት ረቡዕ ቀን፣ ወጣሁ። ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር። አምባሪቾ ሙሉ ለሙሉ ይታያል፤ በየመንገዱ ዳር አደይ አበባ ፈክቷል፤ ሰው ሁሉ ለበዓሉ ቆጮ እያወጣ፣ የቅርጫ በሬ እየነዳ ነው። የአጥሩን በር ስከፍት ከመንገዷ በስተቀኝ ያለው ሁሉ ቢጫ ሆኖ ጠበቀኝ።

በጠቅላላ አልጽፍም፤ ያየሁትን ልጻፍ። የመጀመሪያው እንሰት አዲሱ ቅጠሉ ከመሃሉ ታጥፎ ወደ ታች ተንጠልጥሏል። ሁለተኛውም እንዲሁ። ሦስተኛው ግማሹ ቢጫ፣ ጫፉ ቡናማ ነው። በስተግራ ያሉት ችግኞች ግን አረንጓዴ ነበሩ። ቦርሳዬን መሬት ላይ አስቀመጥኩ።

አክስቴ ከቤት ወጥታ ሳመችኝ። ወደ ቀኝ አላየችም። «ፀሐዩ በርትቷል» አለች። «ዝናቡ ቶሎ ስለወጣ ነው።»

«መቼ ጀመረው?»

«ቆይቷል።»

«ለልጅሽ ነግረሽዋል?»

«ለበዓል ይመጣ የለ? ያየዋል።»

የቀበሌዋን የልማት ሠራተኛ በስልክ ጠራኋት። ከሾኔ በኩል የመጣች፣ ከምባትኛ የማትናገር ወጣት ሴት ስለሆነች ከእኛ ጋር የምትነጋገረው በአማርኛ ነው። ጭቃ የነካው ቦት ጫማ አድርጋ በእግሯ መጣች። ከቦርሳዋ ቢላዋና የበረኪና ጠርሙስ አውጥታ ቢላዋውን በበረኪና አራሰችው። የአንዱን ቅጠል ሥር አግድም ቆርጣ ጠበቀች። እኔም ጠበቅኩ። ከቁራጩ ላይ ቢጫ፣ ወፍራም ፈሳሽ ጠብ ጠብ እያለ ወጣ።

«የእንሰት አጠውልግ በሽታ ነው» አለች።

«እርግጠኛ ነሽ? ፍልፈል ሊሆን አይችልም?»

«ፍልፈል እንዲህ ያለ ፈሳሽ አያወጣም። ጋዜጠኛ አይደለህ? ራስህ እየው።»

አንድ በአንድ አየናቸው። እሷ ትቆርጣለች፣ ቢላዋውን ታጥባለች፤ እኔ እጽፋለሁ። ከሃያዎቹ አሥራ ስድስቱ ታመዋል። ሦስቱ ምልክት አላሳዩም። አራተኛው ረድፍ ጫፍ ላይ ስትደርስ ቆመች። ሃያኛው እንሰት ሰፊ፣ ንጹሕ ቅጠል አውጥቶ ቆሟል።

«ይገርማል» አለች። «ጎን ለጎን ሆኖ! እማማ፣ ከበረዶው በኋላ በምን ቢላዋ ነው የተቆረጡት?»

አክስቴ ወደ መሬት አየች። እኔ ስልኬን አውጥቼ የሐምሌውን ፎቶ ፈለግኩ። ስድስት ሰዓት ከአምስት። ቢላዋው፣ እጄ፣ ከኋላዬ ያልቆረጥኩት ሃያኛው። የታመሙት ሁሉ እኔ ከቆረጥኳቸው ውስጥ ናቸው። እኔ ካልቆረጥኳቸው አንድም አልታመመም።

እስክሪብቶው ደብተሩ ላይ እንዳለ ቀረ። ስለዚህ በሽታ አላውቅም ነበር ማለት አልችልም። «ከአንድ ማሳ ወደ ሌላ ማሳ ከመሄድዎ በፊት ቢላዋዎን በእሳት ይለብልቡ ወይም በበረኪና ይጠቡ» የሚለውን መልእክት ጽሑፉን ሳላይ እስክለው ድረስ በማይክ አንብቤዋለሁ። ባለሙያ ጋብዤም ጠይቄበታለሁ። ቢጫውን ቅጠል፣ የታጠፈውን ለጋ፣ ምልክቱን ሁሉ በቃሌ አውቀዋለሁ። በዚያ የሐምሌ ዓርብ ሁለቱን ምልክቶች አንድ ክንድ ርቀት ላይ ቆሜ አየኋቸው፤ ፍልፈል ነው ሲሉኝም በቃኝ።

«ምን ሆንክ?» አለች የልማት ሠራተኛዋ ልጅ። «ፊትህ ልክ አይደለም።»

«እኔ ነኝ የቆረጥኳቸው» አልኳት።

የበረኪናውን ጠርሙስ ከደነች።

ወደ ታችኛው ጎረቤት ወረድኩ። ጣሪያው ላይ ቁጭ ብሎ አዲስ ቆርቆሮ እየመታ ነበር። ሲያየኝ «የሬዲዮው ሰው! ለቅርጫው መጣህ?» አለ። ከዚያ ፊቴን አይቶ መዶሻውን እንደያዘ ወረደ። ሁለቱ እንሰቶች የነበሩበትን ጥግ ስጠይቀው ወሰደኝ። ባዶ ነበር። ከጎናቸው የነበሩ አምስት ሌሎችም የሉም።

«ነቅዬ ቀበርኳቸው» አለ።

«መቼ?»

«ነሐሴ ላይ። የልማቷ ልጅ መጥታ ስታይ ነገረችኝ።»

«በሐምሌስ? ያን ቀን ፍልፈል ነው ያልከኝ ጊዜ ታውቅ ነበር?»

በእግሩ ባዶውን አፈር ገፋ አደረገ። 

«ፍልፈል ነው ብዬ ነበር» አለ በመጨረሻ። «እውነቴን ነው። ፍልፈል ከሆነ ቤቴ ደህና ነው። ሌላ ከሆነ ግን... ሰው የሚፈልገውን ያምናል። ቢላዋውን እኮ ከልቤ ነው የሰጠሁህ። ያለኝ ጥሩ ቢላዋ እሱ ነበር።»

«አውቃለሁ ጋሼ።»

«አክስትህ አወቀች?»

«ልነግራት ነው።»

«እኔ ልንገራት» አለ። ግን ከቦታው አልተንቀሳቀሰም። መዶሻውን መሬት ላይ አስቀምጦ መልሶ አነሳው። ብቻዬን ወጣሁ።

አክስቴ የልማት ሠራተኛዋን ሸኝታ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ነበር። አጠገቧ ተቀምጬ በቅደም ተከተል ነገርኳት፤ የጎረቤቱን ሁለት እንሰቶች፣ ቢላዋውን፣ ሽቅብ መውጣታችንን፣ አሥራ ዘጠኙን። በሌላ ሰው ላይ ያደረሰውን ጉዳት የሚነግረኝ ሰው ፊት ብዙ ጊዜ ተቀምጫለሁ። ነጋሪው እኔ ሆኜ አላውቅም። ድምፄ የዜና ድምፅ እንደሆነ ተሰማኝ፤ ልለውጠውም አልቻልኩም።

«አይቻለሁ» አለች።

«ምኑን?»

«ቢላዋውን። የሱ መሆኑን አውቄያለሁ። ሳይለበለብ መምጣቱንም አይቻለሁ። መጀመሪያውን ስትይዝ ቆሜ አላየሁህም?»

አይታኝ ነበር።

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ አክስቴ? እሳት እኮ ቤት ውስጥ ነበር!»

«ነበር። ሽሮም ተጥዶበት ነበር።» መሀረቧን አስተካከለች። «ሰውየው ጣሪያው ተበስቶ፣ የራሱን ቤት ትቶ ሊያግዘኝ መጣ። ሳቅ ይዞልኝ መጣ። ቢላዋህን እሳት አሳየው ልበለው? ቤትህ ታሟል ማለት አይደለም? በሰው ፊት፣ በሴቶቹ ፊት? አንተስ ብትሆን ትለው ነበር?»

ለሥራ ብሆን እለው ነበር። ማይክ ይዤ ቢሆን ኖሮ እጠይቀው ነበር። ይህን አላልኳትም።

«እግዚአብሔር ይጠብቃል አልኩ» አለች። «እንሰቱ ተመትቷል፤ ሁለተኛ አይመታም አልኩ። ደግሞ አንተ የተማርክ ነህ። የምታውቀው ነገር ባይኖር አትይዘውም ብዬ ነው።»

ይህን ስትል ሳቀች። ክፉ ሳቅ አልነበረም። እኔ ግን ተነስቼ ከአጥሩ ውጭ ወጥቼ ቆምኩ፤ ለምን ያህል ጊዜ እንደሆነ አላውቅም። ሰዓቴን አላየሁም።

ሐሙስ ጠዋት ጎረቤቱ መጣ። ቢላዋ አልያዘም፤ የያዘው ዶማ ነው። ከአክስቴ ፊት ቆሞ ኮፍያውን አውልቆ ሁለት ዓረፍተ ነገር ተናገረ። ዝቅ ብሎ ስለነበር አልሰማሁትም፤ ስለዚህ አልጽፈውም። እሷ «ግባ፣ መጀመሪያ ቅመስ» አለችው። ቆጮና ጎመን በላ። ከዚያ እሱና እኔ አሥራ ዘጠኙን መንቀል ጀመርን፤ ልጅቷ ምልክት ያላሳዩትም ሦስት ይነቀሉ ብላ ነበርና። ጉድጓድ ቆፍረን ከነሥራቸው ቀበርናቸው። ሁለት ቀን ፈጀ። ትልቁን ስንጥለው መሬቱን ሲመታ የሰማሁት ድምፅ በጆሮዬ ውስጥ ለብዙ ቀን ቆየ። ልጅቷ በየመሃሉ እየመጣች ዶማችንን አሳጠበችን። ቦታው ላይ ቶሎ እንሰት እንዳይተከል፣ ገብስ ወይም ባቄላ ይዘራበት አለች።

መምህሩ ለመስቀል መጣ። ከአጥሩ በር ገብቶ በስተቀኝ ያለውን ባዶ መሬት አየ። ያለፈውን እኔው ነገርኩት። አልተቆጣኝም። ትንሽ ቆይቶ «ማሸነፏ ነበር እኮ» አለ።

በዓሉን አከበርን። ሥጋው ተበላ። እሁድ ከቸርች መልስ ደጃፉ ላይ ተቀመጥን።

«እማ፣ ጉድጓድ ውስጥ የቀረው ቆጮ እስከ መቼ ያደርስሻል?»

«እስከ ጥር።»

«ከዚያስ?»

«አንዱ አለ።» ሃያኛውን ማለቷ ነው።

«አንድ እንሰት?»

ወደ ግራ፣ ወደ ችግኞቹ አየች።

«ችግኞቹ ሲደርሱ መልሼ አመጣሻለሁ» አለ። «ይኸው የእህትሽ ልጅ ምስክር ነው።»

እሷ ወደኔ ዞረች። «ይኼ ምስክር ይቅርብኝ» አለች። መምህሩ ሳቀ፤ እሷም ሳቀች። እኔ አልቻልኩም።

ሰኞ ጠዋት መምህሩ የጓደኛውን ፒካፕ ይዞ እስከ አጥሩ በር አስጠጋ። ላሟ ለታችኛው ጎረቤት ተሰጠች። አክስቴ ሁለት ፌስታል ልብስ፣ አንድ ጄሪካን ቅቤና በቅጠል የተጠቀለለ ቆጮ ይዛ የፊት ወንበር ላይ ተቀመጠች። ሁለት ሰዓት ከአርባ ላይ ተነሱ። ከቀኑ አምስት ሰዓት አካባቢ ሆሳዕና ገቡ። የቤቱ ቁልፍ ያለው ከታችኛው ጎረቤት ዘንድ ነው።